የጉምብላ ሰባት ቧንቧዎች

የሺዋስ በመሥሪያ ቤታችን ወንበር የሌለው ብቸኛ ሰው ነበር። አልተሰጠውም ማለቴ አይደለም። ስለማይቀመጥበት እንግዳ ሲመጣ የእሱ ወንበር ይወሰዳል፤ አንድ ቀን በዚያው ቀረ። እሱም አልጠየቀም። ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ እኔ ጠረጴዛ እየተመላለሰ ያወራል፣ እየቆመ ይጽፋል፣ እየሄደ ይበላል።

ዘመኑ ሰማንያ ስምንት ነው። አሶሳ የክልል ከተማ ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር። ማኅተሙ አዲስ፣ የቢሮው ስም አዲስ፣ ቤቶቹ ግን የድሮዎቹ ናቸው። የእኛ የገጠር ውኃ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር፤ መጋቢት ላይ ጣሪያው እንደ ምጣድ ይግላል። እኔ የዝናሽ እባላለሁ፤ ከወምበራዋ ደብረ ዘይት የመጣሁ ታይፒስት ነኝ። የሺዋስ የዳንግላ ሰው ነው። አርባ ምንጭ ተምሮ በዲፕሎማ ተመረቀና የጉድጓድ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተመደበ። ከአዲስ አበባ ጨረታ አሸንፎ የመጣው ቆፋሪ ድርጅት እንደ ውሉ መቆፈሩን አይቶ መፈረም ሥራው ነበር።

ውሉ ግልጽ ነው። በሃያ አራት መንደር ሃያ አራት ጉድጓድ፤ የእያንዳንዱ ጥልቀት ስድሳ ሜትር፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ሦስት ሜትር የሆኑ አሥራ ስምንት የብረት ቧንቧዎች ይገባሉ፤ ከላይ የእጅ ፓምፕ ይተከላል።

የድርጅቱን ሥራ በአሶሳ የሚመራው ኢንጂነር ቴዎ ነበር። ስለ እሱ ክፉ ለመናገር የሚመች ሰው አይደለም። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ለታመመ መድኃኒት፣ ለጥበቃዎቻችን ጫማ፣ ለእኔ የታይፕ ሪባን ይዞ ይመጣል። መንገድ ላይ ያገኘውን አሮጊት ሁሉ ፒካፑ ላይ ይጭናል። አሶሳ ውስጥ እሱን የማይወድ ሰው አላየሁም።

ሃያ አራተኛው ጉድጓድ የተቆፈረው ጉምብላ በምትባል የበርታ መንደር፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። የሺዋስ ቁፋሮውን ሲቆጣጠር በሁለተኛው ቀን ወባ ጣለው። እየተንቀጠቀጠ በቀርከሃ አጥር ሥር ሁለት ቀን ተኛ፤ ሲብስበት ኢንጂነር ቴዎ ሥራውን ትቶ በራሱ መኪና፣ ዝናብ ባቦካው መንገድ፣ ሦስት ሰዓት ነድቶ ሆስፒታል አደረሰው። አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ አይተርፍም ነበር ብሏል ሐኪሙ። የሺዋስ መኪናው ላይ ሲጭኑት ዓይኑን ገልጦ አንድ ነገር አየ፤ የቧንቧ መጫኛው ካሚዮን ላይ የተረፉ ቧንቧዎች። ከወባው ጋር ሆኖ ቆጠራቸው። ሰባት ናቸው። ፓምፑ ግን ተተክሎ አልቋል።

ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የርክክቡን ቅጽ ይዞለት የሄደው ኃላፊያችን አቶ ዳምጠው ነው። ይህን የሺዋስ ኋላ ነው የነገረኝ።

«አቶ ዳምጠው፣ ሰባት ቧንቧ አልገባም። ስድሳ ሜትር አልተቆፈረም ማለት ነው» አላቸው።

«ዐለት አጋጥሟቸዋል፤ ነግረውኛል። ውኃው ግን ወጥቷል አይደል?»

«ወጥቷል።»

«ታዲያ ሕዝቡ የሚጠጣው ውኃ ነው ሜትር? ሰኔ ሠላሳ በጀቱ ይዘጋል። ሃያ ሦስት ብለን ሪፖርት ብናደርግ የከርሞውን ለሌላ ክልል ይሰጡታል። ክልሉ አዲስ ነው፤ አይችሉም እንዳይሉን። ደግሞ ቴዎ ነፍስህን ነው ያተረፈው።»

የሺዋስ ፈረመ። ጉሉኮሱ ያልተሰካበት እጁ ነፃ ነበርና በዚያ ፈረመ።

በክረምቱና በመስከረም የጉምብላ ፓምፕ ውኃ ሰጠ። ምርቃቱ ዕለት በግ ታረደ፤ የመንደሩ ሰዎች ዙምባራ የሚባለውን መለከታቸውን ነፍተው ጨፈሩ። የሺዋስ ግን ምርቃቱን ትቶ በፓምፑ ዙሪያ ሲዞር ዋለ። ምን ሆንክ ስለው «ምንም» ይለኛል፤ እጁ የብዕር ክዳን ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል።

የካቲት ላይ ፓምፑ አየር መሳብ ጀመረ። ሴቶቹ ግማሽ ቀን ቢያንቀሳቅሱት አንድ ጀሪካን አይሞላም። መጋቢት ሲገባ ጨርሶ ደረቀ። እንደ ድሮው ወንዝ ወረዱ፤ ወንዙም በዚያ ወቅት ከብት የሚንቦጫረቅበት ኩሬ ብቻ ነው። ሰዕዲያ የምትባል ሴት፣ ጨቅላ ልጇን አዝላ፣ ሁለት ጊዜ በእግሯ ቢሯችን መጣች። ሁለቱንም ጊዜ አቶ ዳምጠው በትሕትና ተቀብለው «ባለሙያ እንልካለን» ብለው ሸኟት። ባለሙያው የሺዋስ ነው፤ እንዳይላክ ግን መኪና ጠፋ ተባለ።

የሰዕዲያ ባል ባቢከር ይባላል። ማሽላ ያመርታል፤ አልፎ አልፎ ወደ ኩርሙክ ወርዶ ወርቅ ያጥባል። ቢሮው ባለሙያ አልልክ ሲል ጎረቤቶቹን አስተባበረና ፓምፑን ፈትተው ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ አወጡ። በቦታው የነበረ የቀበሌ ሊቀ መንበር ምን እንደሚያደርግ ሲጠይቀው «የታመመ ሆድ ነው፤ ከፍተን እናያለን» አለው አሉ። አሥራ አንድ ቧንቧ ወጣ። ባቢከር ቧንቧዎቹን በጥላ ሥር ደርድሮ፣ ጨርቅ አልብሶ፣ ለመንግሥት ነገረ።

በሦስተኛው ቀን ፖሊስ መጥቶ አሰረው።

ክሱን ታይፕ ያደረግኩት እኔ አይደለሁም፤ አባሪውን ግን የመታሁት እኔ ነኝ። አባሪው ያ የርክክብ ቅጽ ነው። በቅጹ ላይ አሥራ ስምንት ቧንቧ ገብቷል ይላል፤ የተፈረመበትም የታተመበትም ነው። ከጉድጓዱ የወጣው አሥራ አንድ ነው። ስለዚህ ሰባቱን የወሰደ ባቢከር ነው። የመንግሥት ንብረት በማፍረስና ሰባት የብረት ቧንቧ በመስረቅ ተከሰሰ። ድርጅቱም ደብዳቤ ጻፈ፤ ጉድጓዱ የደረቀው ቧንቧው ስለተሰረቀ ነው አለ። መጀመሪያ ደርቆ ኋላ መፈታቱን የሚያነሳ ሰው ጠፋ።

አሶሳ ላይ ወሬው አንድ ቀን ብቻ ቆየ። የሚያወሩትም «እነዚህ ሰዎች ልማት አያውቁም፤ የተሠራላቸውን ያፈርሳሉ» እያሉ ነው። ይህን የሚሉት ደመወዝተኞች ነበሩ፤ እንደ እኔ ያሉ፣ ከሌላ ቦታ ተመድበው የመጡ፣ ጨዋ ሰዎች።

የሺዋስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱ ጠቆረ። ምሳ ሰዓት ከእኛ ጋር ወጥቶ ግማሽ መንገድ ላይ ይመለሳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአቶ ዳምጠው ክፍል ድምፅ ሰማሁ፤ ግድግዳው ቺፕውድ ስለሆነ ሁሉ ይሰማል።

«አቶ ዳምጠው፣ ሰውየው አልሰረቀም። እርስዎም ያውቃሉ።»

«እኔ የማውቀው የፈረምከውን ነው።»

«ይፈቱት። ለአቃቤ ሕጉ አንድ ደብዳቤ ይጻፉለት።»

«ምን ብዬ? ሃያ አራት ጉድጓድ ብዬ ለክልሉ ያቀረብኩትን ሪፖርት ውሸት ነው ብዬ? የሺዋስ፣ የሁለት ወር እስራት ይፈረድበታል፤ ይወጣል። ለአንተና ለእኔ ግን ሥራችን፣ ስማችን ነው።»

የሺዋስ በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

ወደ ቴዎ የሄደው በማግስቱ ነው፤ እኔንም ይዞኝ ሄደ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ምናልባት ብቻውን ከሄደ ውለታው ያሸንፈዋል ብሎ ፈርቶ ይሆናል። ቴዎ ከማንጎ ዛፍ ሥር የመሰርሰሪያ ጥርስ ሲያስሞርድ አገኘነው። የሺዋስን አቅፎ ሳመው። ነገሩን ሲሰማ አልተቆጣም፤ ያዘነ መሰለ።

«ስማኝ፣ ጨረታውን ያሸነፍነው በዝቅተኛ ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ፣ በዚህ ዐለት፣ ስድሳ ሜትር የሚቆፍር ድርጅት ካለ አሳየኝ። ጨረታውን የከፈቱት ሰዎች ያውቃሉ። አለቃህ ያውቃል። የእኔም አለቆች ያውቃሉ። ሁሉ የሚያውቀው ነገር ወንጀል አይባልም፤ አሠራር ነው የሚባለው።»

«ባቢከር ግን አያውቅም ነበር» አለ የሺዋስ።

«ማነው ባቢከር?»

«የታሰረው ሰው።»

ቴዎ ስሙን እንዳልሰማ ያኔ ገባኝ። ትንሽ አሰበና «ሌባ የሚባለው የሰው ፍየል የሚነዳ ነው። እኔ የማንን ፍየል ነዳሁ?» አለ። እውነቱን ነበር የሚጠይቀው፤ መልስ ቢያገኝ የሚሰማ ይመስል ነበር። የሺዋስ ፊቱን አዙሮ መንገድ ጀመረ። ስንመለስ ሙሉውን መንገድ እኔን ወደ ኋላ ጥሎ በፍጥነት ይራመዳል።

እሑድ ዕለት ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር በጭነት መኪናና በእግሩ ተጉዞ ጉምብላ ሄደ። ገመድ ይዞ ነበር። የገመዱ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስሮ ክፍት በቀረው ጉድጓድ ውስጥ አወረደ። ሠላሳ ስድስት ሜትር ላይ ቆመ። እየሳበ ሳለ ሰዕዲያ ከቤቷ ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

«አንተ ያኔ ታመመ ልጅ ነህ» አለችው። «እኔ ውኃ ሰጠህ። አንተ ትንቀጠቀጥ ነበር።»

አላስታወሳትም። አዎ ነኝ አላት።

«ባቢከር ሰባት ቧንቧ የት ወሰደ ይላሉ። ቤት ፈተሹ፣ ጎተራ ፈተሹ። ወላሂ፣ ሦስት ሜትር ብረት ጎተራ ውስጥ እንዴት ይገባል?» ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠቻት። «አንተ የመንግሥት ሰው ነህ። የት ሄደ ቧንቧው?»

«አልገባም ነበር» አላት። «ከመጀመሪያውም አልገባም። እኔ አይቻለሁ።»

ሰዕዲያ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ልጇን አንስታ ቤት ገባች፤ በሩን ዘጋችው። የሺዋስ ይህን ሲነግረኝ ደጋግሞ «ብትሰድበኝ ምን ነበረበት» ይላል።

እኔም የራሴ ነገር ነበረኝ። ሰው ታይፒስት የሚጽፈውን አያነብም ብሎ ያስባል። እኔ አነብ ነበር። ሃያ አራቱን የርክክብ ቅጾች በሙሉ፣ ስድሳ ሜትር፣ አሥራ ስምንት ቧንቧ እያልኩ፣ የመታሁት በግንቦት አጋማሽ ነው። ያኔ ከሃያ አራቱ ዘጠኙ አልተጀመሩም፤ ጉምብላ መኪና እንኳ አልደረሰም። አቶ ዳምጠው «ለጊዜ ቁጠባ» ብለው ነው ያዘዙኝ። ካርቦን ግልባጩ ላይ እንደ ልማዴ ግርጌው ላይ ቀኑን በእርሳስ ጽፌበት ነበር። ሰኞ ጠዋት ግልባጩን ከፋይል አውጥቼ ለየሺዋስ ሰጠሁት። «ስሜን እንዳትጠራ» አልኩት። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ፍርድ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አግዳሚው ጠባብ፣ መስኮቱ ክፍት። ዳኛው የደከማቸው፣ ደግ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ባቢከር ከወህኒ ቤት ሲመጣ ነጭ ጀለቢያው አፈር መስሏል። «አንተ፣ ቀጥ ብለህ ቁም» አሉት። ኢንጂነር ቴዎ ሲገባ ግን «ኢንጂነር፣ ይቀመጡ፤ ከሩቅ ነው የመጡት» አሉ። ቴዎ ተቀምጦ መሰከረ፤ መዝገባችን አሥራ ስምንት ይላል አለ። መዋሸትም አይመስለውም፤ መዝገቡ እኮ እንደዚያ ይላል።

ባቢከር ተጠየቀ። «እኔ አልሰረቀም» አለ። «እኔ ቆጠረ። ቆጥሮ መንግሥት ጠራ። ሌባ ቆጥሮ መንግሥት ይጠራል?»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ዳኛው ዝም አሰኙ።

የሺዋስ የተጠራው የአቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ ነው፤ ፊርማው የእሱ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ብቻ። ቅጹን ሰጡት።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?» አለ አቃቤ ሕጉ።

«የእኔ ነው።»

«እናመሰግናለን።»

«የተጻፈው ግን እውነት አይደለም» አለ የሺዋስ።

ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ቀና አልን። እሱ ግን መናገር ከጀመረ አላቆመም፤ ቶሎ ቶሎ፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን እየጀመረ። ወባውን፣ ካሚዮኑ ላይ የቆጠራቸውን ሰባት ቧንቧዎች፣ ሆስፒታል የፈረመውን፣ በገመድ የለካውን ሠላሳ ስድስት ሜትር ተናገረ። ግልባጩን ከኪሱ አወጣ። ከየት አመጣኸው ሲሉት «ከፋይል» አለ፤ ማን እንደሰጠው ሲጠይቁት «ራሴ ወሰድኩት» አላቸው። እኔ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ስለዚህ አውቀህ ነው ሐሰት የፈረምከው?» አሉት። ሲገባ እርስዎ ብለውት ነበር፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንተ አሉት።

«አዎ።»

ባቢከር በዚያው ሳምንት ተፈታ። ታስሮ የቆየው አራት ወር ነው። ፓምፑን ያለ ፈቃድ በመፍታቱ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ይቅርታ ያለው መሥሪያ ቤት የለም።

በየሺዋስ ላይ ሐሰተኛ ሰነድ በመፈረም ክስ ተመሠረተ፤ ስምንት ወር ተፈረደበት። ድርጅቱ «በወቅቱ በተፈጠረ የቴክኒክ ክፍተት» ማዘኑን ገልጾ ለቢሯችን ጻፈ፤ የእኛን መልስ እኔው መታሁት፤ «የቴክኒክ ክፍተቱን» ተቀብለናል ይላል። በዚያው ዓመት ቆፋሪዎቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ክልል ሄዱ፤ ቴዎ ሲሰናበተን ከልቡ አዝኖ ስለ የሺዋስ ጠየቀኝ፤ ስንቅ አስይዞም ወደ ወህኒ ቤት ልኮለታል። አቶ ዳምጠው ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት በኃላፊነት ተዛወሩ። እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

የሺዋስ ከወህኒ ሲወጣ ወደ ዳንግላ ይመለሳል ብለን ነበር። አልተመለሰም። ገመዱን ይዞ የቀሩትን ሃያ ሦስት ጉድጓዶች ሊለካ ወጣ። ከባምባሲ ወዲህም ወዲያም፣ በጭነት መኪና፣ በእግሩ፣ አንዳንዴ የሚያሳድረው አጥቶ በትምህርት ቤት በረንዳ ላይ እየተኛ ሦስት ወር ዞረ። ፓምፑን ልፍታ ሲል የመንደሩ ሰዎች መጀመሪያ ፈሩት፤ አንዱ መንደር ድንጋይ ወርውሮበታል። ዘጠኙ አጠሩ፤ ከጉምብላ ጋር አሥር ሆኑ። ዝርዝሩን ይዞ ቢሮዬ መጣና «ታይፕ አድርጊልኝ» አለኝ።

«አሁንም ስሜን አትጥራ ልበልህ?» አልኩት።

«እንደፈለግሽ» አለ። ደብዳቤው ግርጌ ላይ የታይፒስቷን ስም በሙሉ ጻፍኩ። ያን ያህል ነው ያደረግኩት።

ደብዳቤው ሲንከባለል ዓመት ከስድስት ወር ቆየ። ከዚያ የሚለካ ቡድን መጣ፤ አምስቱ ዳግም ተቆፈሩ። ጉምብላ ከአምስቱ ውስጥ አልነበረችም። በዝርዝሩ ላይ «በፍርድ ቤት እልባት ያገኘ» ተብሎ ተሰርዞ ነበር። የሺዋስ ይህን ሲሰማ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ሳቀ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። በሚቀጥለው ሳምንት አካፋ ገዝቶ ጉምብላ ሄደ። ከመንደሩ ሰዎች ጋር፣ ከወንዙ ዳር ከፍ ብሎ፣ በእጃቸው አሥራ ሁለት ሜትር ቆፍረው በድንጋይ ገነቡት። ውኃው ጨው ጨው ይላል፤ ግን በመጋቢትም አልደረቀም።

ከባቢከር ጋር አብረው ቆፈሩ እንጂ ወዳጅ አልሆኑም። የሺዋስ ባምባሲ ከፈታት አንዲት ክፍል ሆኖ ፓምፕና ወፍጮ መጠገን ጀመረ፤ እዚያው አገባ። ጉምብላ ለጥገና ሲሄድ ባቢከር ሰላም ይለዋል፤ ሥራውን ያሳየዋል፤ ይሄዳል።

እኔ ጉምብላን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሥራ ከቡድን ጋር ሄጄ። ሰዕዲያ ውኃ ሰጠችኝ። ባቢከር ቀርከሃ እየሰነጠቀ ነበር፤ ያኔ በሰዕዲያ ጀርባ የነበረችው ትልቋ ልጃቸው ኑራ ስንጥቁን ትሰበስባለች።

«አንቺ እዚያ ቢሮ ሥራሽ ምን ነበር?» አለኝ።

«ታይፒስት ነበርኩ።»

«ታይፒስት ምንድን ነው?»

«የተባለውን የሚጽፍ።»

ቢላዋውን አቆመ። «አሥራ ስምንት የሚለውን አንቺ ጻፈ?»

«አዎ። እኔ ነኝ።»

ወደ ኑራ ተመለከተ። «እኔ እስር ቤት ሳለ እሷ መራመድ ጀመረ» አለኝ። «እኔ አላየም።»

የመኪናችን ጡሩምባ ተነፋ። ብርጭቆውን ለሰዕዲያ መልሼ ተነሳሁ፤ እሱም ቀርከሃውን መሰንጠቁን ቀጠለ።